«ከመጣ» እና «ቢመጣ»፤ ስለ እንግሊዝኛ የ«ኢፍ» ዓረፍተ ነገር አስተማማር አጭር ትችት

በልደታ ክፍለ ከተማ በአብነት ሠፈር ማታ ማታ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን እንግሊዝኛ ስናስጠና የአንድ ልጅ ድርሰት አጋጠመን። ልጁ አባቱ በሞት የተለዩት ነው። ሊጽፍ የፈለገው «አባቴ ቢኖር ኖሮ በደኅና ትምህርት ቤት እማር ነበር» የሚል ነው። በወረቀቱ ላይ የሠፈረው ግን «ኢፍ ማይ ፋዘር ሊቭስ፥ አይ ዊል ለርን ኢን ኤ ጉድ ስኩል» የሚል ነው። ይህን የሚያነብ እንግሊዝኛ ዐዋቂ አባትየው በጠና ታመው ተኝተዋል፥ ሊድኑም ይችላሉ ብሎ ይረዳል። እንግዲህ ስሕተቱ የአንድ ነጥብ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የልጁን ኀዘን ወደ ተስፋ ለውጦበታል።

ልጁ ሕጉን አልተማረም አይባልም። በጠየቅነው ጊዜ ዓይነት አንድ፥ ዓይነት ሁለት፥ ዓይነት ሦስት እያለ በቃሉ ወረደልን። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህንኑ ቀመር እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ደግመነዋል። «ባዶውን ቦታ ሙላ» በሚባለው ጥያቄ አልፈንበታል፤ ደብዳቤ ስንጽፍ ግን አልደረሰልንም። የምንነቅፈውም ይህንኑ ነው። ቀመሩ የግሥን ቅርጽ ያስጠናል እንጂ፥ ተናጋሪው ነገሩን «ሊሆን ይችላል» ብሎ ነው ወይስ «እንዳልሆነ» እያወቀ ነው የሚናገረው ብሎ አይጠይቅም። ራንዶልፍ ኩወርክና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ታላቅ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ግን መሠረታዊው ልዩነት ይኸው በክፍት ሁኔታና በምናባዊ ሁኔታ መካከል ያለው ነው።

ይህን ልዩነት አማርኛችን አስቀድሞ ያውቀዋል። «ከዘነበ እንቀራለን» ስንል ነገሩ ክፍት ነው፤ «ቢዘንብ ኖሮ እንቀር ነበር» ስንል ግን አለመዝነቡን እናውቃለን። ችግሩ ያለው የሁለቱ ቋንቋዎች የግሥ አጠቃቀም ተገላቢጦሽ በመሆኑ ላይ ነው። አማርኛ ለክፍቱ ሁኔታ «ዘነበ» የሚለውን የኀላፊ ቅርጽ ሲይዝ፥ ላልሆነው ነገር «ይዘንብ» ከሚለው የትንቢት ቅርጽ ይነሣል። እንግሊዝኛ ደግሞ ለክፍቱ «ሬይንስ» ብሎ የአሁኑን፥ ለምናባዊው «ሬይንድ» ብሎ ኀላፊውን ይወስዳል። ስለዚህ ቃል በቃል የሚተረጕም ተማሪ በሁለቱም በኩል ይወድቃል። «ቢኖር» የሚለው «ሊቭስ» ይሆንበታል፤ «ወንድሜ ነገ ከመጣ ይከፍላል» የሚለውንም «ኢፍ ማይ ብራዘር ኬም ቱሞሮው፥ ሂ ዊል ፔይ» ብሎ ይጽፈዋል።

መድኀኒቱ ሩቅ አይደለም። ተማሪው አስቀድሞ የአማርኛውን ዋና ግሥ መጨረሻ ይመልከት። «እማራለሁ» ካለ «ዊል»፥ «እማር ነበር» ካለ «ዉድ» ይበል። «ቢ» ብቻውን አይበቃም፤ «ቢዘንብ እንቀራለን» ማለትም ይቻላልና። ቀጥሎ ጊዜውን ይጠይቅ። «ነበር» ዛሬንና ትናንትን አይለይም፤ እንግሊዝኛ ግን ይለያል። ስለ ዛሬ ከሆነ «ኢፍ ማይ ፋዘር ወር አላይቭ፥ አይ ዉድ ለርን»፥ ስላለፈው ከሆነ «ኢፍ ማይ ፋዘር ሃድ ሊቭድ፥ አይ ዉድ ሃቭ ለርንድ» ይባላል።

አንዳንድ መምህራን በእንግሊዝኛ ክፍል አማርኛ መስማት ጕዳት ነው ይላሉ። እኛ ግን አማርኛው ቢከለከልም በተማሪው ልብ ውስጥ ሆኖ ሥራውን ከመሥራት አያርፍም እንላለን፤ ከተደበቀ ያሳስታል፥ ከተገለጠ ግን ይረዳል። ለማነጻጸርም የመጽሐፍ ችግር የለብንም። የብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛ ሰዋስው በ1948 ዓ.ም.፥ የባየ ይማምም በ1987 ዓ.ም. ታትመዋል። ቤቱ ጉራግኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር ልጅም ከራሱ ቋንቋ ተነሥቶ እንዲያነጻጽር ሊረዳ ይገባዋል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አድርጎታል። እንግዲህ ይህን ዓረፍተ ነገር ያልጨበጠ ተማሪ በሰዋስው ብቻ ሳይሆን፥ «ሙቀቱ ቢጨምር ምን ይሆናል?» ብሎ በሚጠይቀው የፊዚክስ ትምህርትም ይቸገራል።

ያ ልጅ ዓረፍተ ነገሩን በድጋሚ ሲጽፍ «ሃድ ሊቭድ» በሚለው ላይ ጥቂት ቆመና፥ «አሁን እውነቱን ተናገረ» አለን። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ አንችልም።