ለድስት የሚሆን ጭስ፦ የኬጁን ሥጋ ማጠኛ ምድጃ አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ ለጓሮ የሚሸጡት የጭስ ምድጃዎች፣ ሰዉ ስሞከር የሚላቸው፣ በአብዛኛው የታሰቡት ፍርግርግ ላይ ተጋድሞ ለሚበስል ትልቅ ሙዳ ሥጋ ነው። የቴክሳሱ ፍሪምባ ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ሙቀት ግማሽ ቀንና ከዚያም በላይ ቆይቶ ይወጣል፤ ተቆርጦ ይበላል፤ ነገሩ በዚያ ያበቃል። የሉዊዚያና ኬጁኖች የሚያጥኑት ሥጋ ጠባዩ ሌላ ነው። ተንጠልጥሎ፣ በለዘበ ሙቀት፣ ጭስ ሲጠጣ ይውላል። ከምድጃው ሲወጣም ሥራው ገና ነው፤ ድስት ውስጥ ገብቶ ቀዩን ባቄላ፣ ጃምባላያ የሚባለውን ሩዝና ጋምቦ የሚባለውን ወፍራም ሾርባ ማጣፈጥ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ለዚህ ሥጋ ምድጃ የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገሮችን ከሁሉ አስቀድሞ ይመርምር፦ ከፍታውን፣ እሳቱ ዝቅ ብሎ መቆየት መቻሉንና የጭሱን አካሄድ። ሌላው ሁሉ ከእነዚህ በኋላ ይመጣል።

ሥጋውን ማወቅ

ኬጁኖች እንግሊዞች እ.ኤ.አ. ከ1755 ጀምሮ ዛሬ ካናዳ ውስጥ ከሚገኘው ከአካዲያ ያፈናቀሏቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ዘሮች ናቸው። በ1760ዎቹ ወደ ሉዊዚያና መግባት ጀምረው በረግረጉ ዳርና በሜዳው ላይ ሰፈሩ። ማቀዝቀዣ ባልነበረበት ዘመን፣ አየሩ ሞቃትና እርጥብ በሆነበት አገር፣ ሥጋ የሚቆየው በጨውና በጭስ ነበር። ብርዱ ሲገባ ጎረቤት ተጠራርቶ አሳማ ያርዳል፤ ይህን የጋራ እርድ ቡሽሪ ይሉታል። ከዕለቱ ምግብ የተረፈው ወደ ጭስ ቤት ይገባል።

ከዚያ ጭስ ቤት የሚወጡት ሁለቱ ዋነኞች አንዱዊና ታሶ ናቸው። አንዱዊ ከወርች ሥጋ የሚሠራ ወፍራም ቋሊማ ነው። ሥጋው በሻካራው ይከተፋል፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ቁንዶ በርበሬና ካየን የሚባለው ቀይ በርበሬ ይገባበታል፤ ከዚያ ደህና አድርጎ ይታጠናል። በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችው የላፕላስ ከተማ የዓለም የአንዱዊ መዲና ነኝ ትላለች። ታሶ ደግሞ በቁመቱ የተሰነጠቀ የወርች ሥጋ ነው፤ በጨውና በብዙ ቅመም ታሽቶ ሲታጠን እንደ ቅመም እየተቆረሰ ወጥ ውስጥ ይጨመራል። እነዚህን ሁለቱን ከሉዊዚያና ውጭ ካሳወቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ በ1979 ኒው ኦርሊንስ ላይ ኬ-ፖልስ የተባለውን ምግብ ቤት የከፈተው ሼፍ ፖል ፕሩዶም ነው።

የአሳማ ሥጋ ለማይበላ አንባቢ፣ ክርስቲያንም ሙስሊምም ብዙው የእኛ ሰው እንደዚያ ነውና፣ መንገዱ አልተዘጋም። እዚያው ሉዊዚያና ውስጥ የተርኪ ታሶና የዶሮ ቋሊማ ይሠራል፤ የበሬ ሥጋም ይታጠናል። ነገር ግን ሽፋኑን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ውስጡ የበሬ ሥጋ ሆኖ አንጀቱ የአሳማ የሆነ ቋሊማ ገበያ ላይ አለ። የበግና የበሬ አንጀት ለብቻው ስለሚሸጥ ቤቱ የሚሠራ ሰው በዚህ አይቸገርም።

ከፍታ

ቋሊማ ሲታጠን መንካካት የለበትም። ሁለቱ የተነካኩበት ቦታ ጭስ ሳያገኘው ገርጥቶ ይቀራል። ፍርግርግ ላይ ሲጋደምም ሆዱ ላይ መስመር ይወጣበታል፤ እርጥበት ከሥሩ ይታቆራል። ስለዚህ የምድጃው የመጀመሪያ ፈተና ቀላል ነው፦ ቁመት የሚለካ ሜትር ይዘው ይሂዱ። ከመስቀያው ዘንግ እስከ እሳቱ መከለያ ድረስ 80 ሴንቲሜትር ያህል ቢገኝ ረጅሙ አንዱዊ በምቾት ይንጠለጠላል፤ የታችኛው ጫፉም አይቃጠልም። ዘንጎቹ የሚያርፉበት ቦታ ውስጡ ተዘጋጅቶ መሠራቱንም ይመልከቱ። ሠሪው ስለ መስቀል አስቦ ከሆነ እዚያ ላይ ይታወቃል።

የለዘበ እሳት

ጥሬ ቋሊማ በአንድ ጊዜ ከፍተኛ ሙቀት ውስጥ ቢገባ ስቡ ቀልጦ ይፈሳል፤ ሥጋው ደርቆ እንደ ፍርፋሪ ይበታተናል፤ በሥጋውና በሽፋኑ መካከልም ክፍተት ይፈጠራል። ስለዚህ ባለሙያው በ50 ዲግሪ አካባቢ ይጀምራል፤ ላዩ ሲደርቅ ጭሱን ይለቅበታል፤ ከዚያ ሙቀቱን ቀስ በቀስ ወደ 80 ያደርሰዋል። የከብትም ሆነ የአሳማ ቋሊማ ውስጡ 71 ዲግሪ ሲደርስ፣ ተርኪና ዶሮ 74 ሲደርሱ በስለዋል። ብዙ ምድጃ በ120 ዲግሪ ሲሠራ ያምርበታል፤ በ60 ዲግሪ ግን ወይ ይጠፋል ወይ እያፈነ ያጨሳል። ሻጩን መጠየቅ ያለብዎ ምን ያህል እንደሚሞቅ ሳይሆን እሳቱ ሳይጠፋ፣ ጭሱም ሳይበላሽ ምን ያህል ዝቅ እንደሚል ነው።

እዚህ ላይ ጤና ይነሳል። ሥጋ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መካከል ለሰዓታት ሲቆይ ባክቴሪያ ይራባበታል። አየር በማይደርስበት በቋሊማው ውስጥ ደግሞ ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ ይመቸዋል። መከላከያው ናይትራይት ያለበት ሮዝ ጨው ነው። 6.25 በመቶው ሶዲየም ናይትራይት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ 2.5 ግራም ይበቃል። ይህ በእጅ ግምት የሚደረግ አይደለም፤ የግራም ክፍልፋይ የሚለይ ሚዛን ይግዙ። ሮዝ የተቀባው ከገበታ ጨው ጋር እንዳይምታታ ስለሆነ ከኩሽናው ጨው ለይተው ያስቀምጡት።

በሩ ላይ የተገጠመውን ቴርሞሜትር አይመኑ። ሥጋው ካለበት ርቆ ስለሚለካ ልዩነቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። ሥጋው በሚሰቀልበት ከፍታ የሚቀመጥ፣ ገመድ ያለው መለኪያ ይያዙ፤ በረዶ በገባበት ውሃም ይፈትኑት፤ ዜሮ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ መፈተን ባሕር ጠለል ላይ ላለችው ሉዊዚያና ይሠራል፤ አዲስ አበባ ግን ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ዴንቨርም 95 ገደማ ላይ ስለሚፈላ ያሳስታል።

የጭሱ አካሄድ

ጥሩ ጭስ ይሄዳል፤ መጥፎ ጭስ ይቆማል። ከታች ገብቶ ሥጋውን ዳብሶ ከላይ የሚወጣ ጭስ ሥጋውን ቡናማ ወርቅ ያስመስለዋል። የታፈነ ጭስ ግን ሬንጅ የመሰለ ክምችት ይጥልበታል፤ ምላስ ያደነዝዛል፤ ያ ምሬት ደግሞ ድስት ውስጥ ሲገባ ወጡን ሁሉ ይበክላል። ስለዚህ የላይኛው ጭስ ማውጫ ሰፊ ይሁን፤ ሲሠራም ሙሉ በሙሉ ክፍት ይቆይ። እሳቱ የሚገታው ከታች ባለው አየር ማስገቢያ ነው፤ ያ መዝጊያ ሳይላወስ የሚንሸራተት፣ በተተወበት የሚቆም መሆን አለበት።

በሉዊዚያና እርጥበት ሌላም ችግር አለ። ምድጃው በለዘበ ሙቀት ሲሠራ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ይጤዝና ከጥቀርሻ ጋር ተቀላቅሎ ሥጋው ላይ ይንጠባጠባል። ጣሪያው ጠፍጣፋ ከሆነ ጠብታው መሀል ላይ ይወርዳል፤ ዘንበል ያለ ከሆነ በግድግዳው ይፈሳል። አስተዋይ ሠሪ ጣሪያውን ያዘነብለዋል። ይህችን ነገር የማስታወቂያ ወረቀት ላይ አያገኟትም፤ ራስዎን አስገብተው ሊያዩ ይገባል።

ላሜራ፣ በርና ብየዳ

ወፍራም ላሜራ ሙቀት ይይዛል፤ ነፋስ ሲነሳ አይደነግጥም፤ ዝገትም ቶሎ አይበላውም። በእጅ የሚሠሩት ጥሩ ምድጃዎች 6 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አላቸው። ቀጭን የሆነው ሁሉ ይጣላል ማለት አይደለም፤ ሁለት ግድግዳ ኖሮት መሀሉ ሙቀት በሚከላከል ነገር የተሞላ ከሆነ ከወፍራሙም ሊበልጥ ይችላል። ነጠላና ቀጭን የሆነውን ግን ይለፉት።

በሩን በወረቀት ይፈትኑ። ቁራጭ ወረቀት አስገብተው ይዝጉና ይሳቡት፤ ያለ ችግር ከወጣ ጭስም በዚያ ይወጣል። ሲመሽ ውስጡ የእጅ ባትሪ አብርተው በዙሪያው ቢመለከቱ ደግሞ ክፍተቱን ሁሉ ብርሃኑ ያሳይዎታል። ብየዳው ተከታታይና ለስላሳ መሆን አለበት፤ እዚህም እዚያም በነጥብ የተያዘ ምድጃ ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁበት ይከፈታል። ማጠፊያው በሩን ሳያንገዳግድ ይያዝ፤ ስብ ማፍሰሻው ከእሳቱ ርቆ ወደ ውጭ ያፍስስ። ውስጡ ቀለም ሊቀባ አይገባም። ዚንክ የተቀባ ብረት ካለበት ደግሞ አይግዙ፤ በእሳት ሲሞቅ መርዛማ ጭስ ያወጣል። አሮጌ ማቀዝቀዣ ወደ ጭስ ምድጃ መለወጥ የቆየ ልማድ ቢሆንም ፕላስቲኩና ዚንክ የተቀባው ብረቱ ስላለ ለምግብ አይመከርም።

የትኛው ዓይነት?

ለአንዱዊና ለታሶ ምርጫዬ በከሰልና በእንጨት የሚሠራ፣ የቁም ሳጥን ዓይነት ምድጃ ነው፤ ከድሮው ጭስ ቤት ጋር በአሠራር የሚቀራረበው እሱ ነው። 208 ሊትር ከሚይዘው በርሜል የሚሠራው ርካሽና ለመስቀል የተመቸ ነው፤ ሥጋው በቀጥታ ከፍም በላይ ስለሚሆን ግን መሀል ላይ መከለያ ብረት ያስፈልገዋል፤ በርሜሉም ቀድሞ ምን እንደያዘ በእርግጥ የማይታወቅ ከሆነ አይነካም።

ዌበር የተባለው ኩባንያ በ1981 ያወጣው፣ ውሃ የሚቀመጥበት ጥይት መሰል ምድጃ እሳትን በማርገብ የተመሰከረለት ነው፤ ውሃው ከ100 ዲግሪ ስለማያልፍ ሙቀቱን ይገታል። የሚጎድለው ቁመት ነው። እሳት ሳጥኑ ከጎን የሆነው፣ አግድም የረዘመው ምድጃ ለፍሪምባ ንጉሥ ነው፤ ለቋሊማ ግን ዝቅ ያለና ሙቀቱ ከዳር ዳር የሚለያይ ነው። በተጨመቀ ሰጋቱራ የሚሠራው፣ ጆ ትሬገር በ1986 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዓይነት፣ ሙቀት አጠባበቁ የሚያስደስት ቢሆንም ጭሱ ለድስት ሥጋ ይለሰልሳል፤ ሰጋቱራውም እርጥበት ሲነካው አብጦ ይፈርሳል። ኤሌክትሪኩን የሚንቁ ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ለቋሊማ ሁለተኛ አድርጌ እመርጠዋለሁ፤ በ55 ዲግሪ ሰዓታት ሳይንቀሳቀስ የሚቆም ሌላ ምድጃ ማግኘት ከባድ ነውና። የአየር መውጫው ሰፊ መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ። ሸክላው ምድጃ አንዴ ከሞቀ አይበርድም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

እንጨቱ

የወተት ዕቃ በወይራ ሲታጠን ያየ ሰው እንጨት ጣዕም እንደሚለውጥ ማስረጃ አያስፈልገውም፤ እናቶቻችን ያገኙትን ጭራሮ ሁሉ አያጥኑበትም። የኬጁን አገር ተመራጭ እንጨት ፔካን ነው። ሂከሪ ከሚባለው ዛፍ ወገን ሆኖ ጭሱ ከሂከሪው የለዘበ፣ ጣፋጭነት ያለው ነው። ዛፉም ከሉዊዚያና ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የፔካንን ቅርንጫፍ በሌላ ግንድ ላይ በማዳቀል መጀመሪያ የተሳካለት በ1840ዎቹ በኦክ አሊ እርሻ ይኖር የነበረ፣ አንትዋን የተባለ በባርነት የተያዘ አትክልተኛ ነው። እሱ ያባዛው ዝርያ በ1876 በፊላዴልፊያው ዐውደ ርዕይ ቀርቦ ተሸልሟል፤ ሴንቴኒያል የሚለውን ስም ያገኘውም በዚያው ነው። ኦክም ጥሩ ነው፤ በላፕላስ አካባቢ ሸንኮራ አገዳም ይጨምሩበታል። ጥድና ሙጫ ያለው እንጨት ሁሉ ክልክል ነው። እንጨቱ የደረቀ፣ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ያልበለጠ ይሁን። ቅርፊቱ የሻገተውን ይጣሉ።

መጨረሻው ፈተና

ምድጃውን ሲገዙ ሥጋ ሳይሰቅሉ አንዴ እሳት አንድደው ይዋሉበት። ውስጡን በስሱ ዘይት ቀብተው ለጥቂት ሰዓታት ያሙቁት። ከማውጫው የሚወጣውን ጭስ ያስተውሉ፤ ስስና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ከሆነ እሳቱ ጤነኛ ነው፤ ወፍራምና ነጭ ከሆነ አየር አንሶታል። ማውጫው ላይ ነጭ ሳህን ለአፍታ ያዙበት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከተወ ሥጋዎ ላይም ያንኑ ይተዋል። በየፍርግርጉ ላይ ቁራሽ ዳቦ ደርድረው የትኛው ቶሎ እንደሚጠቁር ቢያዩ ደግሞ ሙቀቱ የት እንደሚበረታ ያውቃሉ።

የመጀመሪያው አንዱዊ ሲወጣ ይቁረጡት። ሽፋኑ ከሥጋው ጋር የተጣበቀ፣ ሲነከስ ቀጭ የሚል፣ የሥጋው ቁርጥራጭ ለዓይን የሚለይ ይሁን። በባዶው ሲቀመስ ደግ መሆኑ ግን አይበቃም። ጥቂት ቁራጭ ከባቄላ ጋር፣ ያለ ሌላ ቅመም፣ ሁለት ሰዓት ያህል ይቀቅሉት፤ ከዚያ መረቁን ብቻ ይቅመሱ። ጭሱ ከመረቁ ውስጥ ያለ ምሬት ከተሰማ ምድጃው የሚገባውን ሠርቷል። መረቁ ከመረረ አየሩ ታፍኗል፤ ጭሱ ከጠፋ ደግሞ ምድጃው ማሞቅ እንጂ ማጠን አይችልም። ስክሪንም፣ የስልክ መተግበሪያም፣ የሚያብረቀርቅ እጀታም ይህን ፍርድ አይለውጡትም። ገንዘብዎን ለቁመት፣ ለጥሩ ብየዳና ለሰፊ ጭስ ማውጫ ያውሉት፤ ከተረፈዎ ደግሞ የደረቀ ፔካን ይግዙበት።