በፍቅር ልብ ወለድ ውስጥ ጊዜው ያለፈበት ሞት

በአማርኛ ድርሰት ኤች አይ ቪ ጎልቶ ከተሰማባቸው ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2004 በሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» ተከታታይ ድራማ ነው። አዘጋጁ ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር እንደገለጸው ወንድ አድማጮች ካላዳመጡት በ4 እጥፍ፣ ሴቶች በ3 እጥፍ የደም ምርመራ አድርገዋል። ግምገማው የአዘጋጁ የራሱ መሆኑ ባይዘነጋም፣ ድራማው ለዘመኑ ተገቢውን ሥራ ሠርቷል። ነጻ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና በአገራችን የተጀመረው በ2005 እንደ መሆኑ፣ የታመመን ባለታሪክ በቀላሉ ማዳን በዚያን ጊዜ ሐሰት በሆነ ነበር።

የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ የውጭ ድርሰቶችም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። የላሪ ክሬመር «ዘ ኖርማል ሃርት» በ1985 ኒው ዮርክ ላይ ሲታይ ሁለቱን ወንዶች ያጋባው በሞት አልጋ ላይ ነው፤ ኤዜድቲ ገና አልተፈቀደም ነበር። ዛሬ ያንኑ አልጋ የሚያነጥፍ ደራሲ ግን ማስረጃውን አላነበበም። በ2019 ላንሴት ያወጣው የፓርትነር 2 ጥናት አንዳቸው ብቻ ቫይረሱ ያለባቸውን 782 የወንድ ጥንዶች ተከታትሎ፣ በሕክምና የቫይረሱ መጠን ታፍኖ ሳለ ከተጣማሪው የተያዘ አንድም ሰው አላገኘም። አዲስ የተያዙ 15 ሰዎች ነበሩ፤ የሁሉም ቫይረስ ከሌላ ሰው የመጣ ነው። ለልብ ወለድ ከዚህ የበለጠ ውስብስብ የፍቅር ታሪክ ከየት ይገኛል? ሆኖም አንዳንዱ ደራሲ «አይተላለፍም» የምትለዋን ቃል እንደ ድግምት ተናግሮ ያልፋል፤ የዕለት ክኒኑ፣ የቫይረስ መጠን ምርመራው፣ ውጤት የመጠበቁ ጭንቀት ከገጹ ይጠፋሉ።

በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ድርጊቱን ስለሚቀጣ እንዲህ ያለው ፍቅር በአማርኛ በግልጽ አይጻፍም። ዝምታው ግን ምርመራ ክፍል ድረስ ይገባል፤ ታካሚው ለነርሷ የሚነግራት ታሪክም ልብ ወለድ ይሆናል።

ድርሰቱን ጀልዴሳ ላይ እናስቀምጠው ቢባል፣ ከዘይላ ወደ ሐረር የሚወጣው ቅፍለት ያርፍባት የነበረችው ይህች መንደር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ርቋታል። የተለመደው ድርሰት ቫይረሱን በመንገደኛ ያመጣባትና ልጅቷን ይገድላል። ታማኙ ድርሰት በሕይወት ያቆያታል። ጎረቤት እንዳያያት መድኃኒቷን ከድሬዳዋ የምትወስድ ብትሆን፣ የመሳፈሪያ ያጣችበትን ወር እንዴት ታልፈዋለች? ብልቃጡንስ የት ትደብቃለች? ለሚያገባት ሰው መቼ ትነግረዋለች? እርሱ ራሱ ተመርምሮ እንደሆነ የሚጠይቅ ደራሲማ ከስንት አንድ ነው።