ከወፍ ዓይን ሥር ያለች ከተማ
ስለ ዴቭሪም ኤርቢል የኢስታምቡል ሥዕሎች

ረቂቅ ሥዕል በተነሣ ቁጥር አንድ የቆየ ክርክር አብሮ ይነሣል፦ ሰው የሌለበት ሥዕል ለሰው ምን ይነግረዋል? ጥያቄው የዋህ ቢመስልም በፌዝ የሚታለፍ አይደለም። የቱርኩ ሠዓሊ የዴቭሪም ኤርቢል የኢስታምቡል ሥዕሎች ለዚህ ክርክር ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ከተማይቱ ሸራውን ሞልታው ሳለ የሰው ፊት ግን አይታይም።

ኤርቢል እ.ኤ.አ. በ1937 በምዕራብ አናቶሊያ፣ ኡሻክ ላይ ተወለደ። በኢስታምቡል የሥነ ጥበብ አካዳሚ ያስተማረው ሠዓሊውና ገጣሚው በድሪ ራህሚ ኤዩቦሉ ነው፤ የገበሬውን ምንጣፍና ጥልፍ ከዘመናዊ ሥዕል ጋር ለማጋባት የደከመ ሰው። ትምህርቱ በተማሪው እጅ ላይ ቀርቷል። ኤርቢል ከተማይቱን ከላይ ሆኖ ያያታል። ጣራው፣ መንገዱ፣ ጉልላቱ ሁሉ ቀጭን መስመር ይሆንና እንደ ድርና ማግ ይጠላለፋል። አንዱ ሸራ ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ ነው፣ ሌላው ቀይ። የቦስፎረስ ውሃ መካከሉን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከላይ የወፍ መንጋ ይበተናል።

ከተማን ከላይ አድርጎ መሣል በእሱ አልተጀመረም። በ16ኛው መቶ ዘመን ማትራክቺ ናሱህ ሱልጣን ሱሌይማን ከ1533 እስከ 1536 ያደረገውን የኢራቅ ዘመቻ ሲመዘግብ፣ ኢስታምቡልንና ሠራዊቱ ያረፈባቸውን ከተሞች እንዲሁ ሥሏል። እዚያም ሰው የለም። ያ ዓይን ግን የጌታ ዓይን ነበር፤ የሚገዛውን አገር የሚቆጥር። ኤርቢል ያንኑ ከፍታ ወስዶ ለወፎች ሰጣቸው። ወፍ ደግሞ ግብር አትሰበስብም! እንደኔ ከሆነ የሠዓሊው ትልቁ ሥራ ይኼ ነው።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ቆመን ብናጨበጭብ ሂስ አልሠራንም። ኢስታምቡል በ1950 ገደማ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ነበራት፤ ዛሬ ከ15 ሚሊዮን በላይ ናት። ከአናቶሊያ መንደሮች የጎረፈው ወዝ አደር በከተማዋ ዳርቻ ጎጆውን ቀለሰ። ቱርኮች ይህን ቤት «ጌጀኮንዱ» ይሉታል፤ በሌሊት የተቀመጠ ማለት ነው። ታዲያ ይኼ ሁሉ ሕዝብ በሥዕሉ ውስጥ የት ገባ?

መልሱ ከሸራ ሸራ ይለያያል። በአንዳንዶቹ የመስጊዱ ጉልላትና የጎረቤቱ ጣራ በአንድ ዓይነት ቀጭን መስመር ተሠርተዋል፤ ታላቁ ከታናሹ አይጮኽም። ስም የሌላቸው መስመሮች ተጠጋግተው ከተማይቱን የሚሸከሙት እነሱ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ረቂቅነቱ ፎቶግራፍ የማይደፍረውን እኩልነት ይናገራል። በሌሎቹ ግን የገላታ ግንብና ሚናራቶቹ ገነው፣ ሰማያዊውም ከመጠን በላይ ጣፍጦ፣ ሥዕሉ የቱሪስት ፖስትካርድ ይሆናል። ጎጆዎቹ ለትልቆቹ ሕንጻዎች ምንጣፍ ሆነው ይቀራሉ። እንዲህ ያለው ሥዕል የባለጸጋ ሳሎን ያስጌጣል እንጂ ማንንም አይጠይቅም።

እንግዲህ «ሰው አለበት ወይ?» ብለን ብቻ ብንጠይቅ ሁለቱን ዓይነት ሸራ አንለያቸውም። ዓይኑ የማን ነው? መስመሩስ ለማን ከበደ፣ ለማን ቀለለ? ብለን እንጠይቅ። የኤርቢል ሥዕል ባጋጠመን ጊዜ ሚናራቶቹን ለጊዜው ትተን ስም የለሾቹን መስመሮች እንከተል። እነሱ ሲንቀጠቀጡ ከተማይቱ ትተነፍሳለች፤ እነሱ ሲሞቱ የሚቀረው ጌጥ ብቻ ነው።