መጥፎ ዜና በጊዜው

በመንግሥት መሥሪያ ቤት የፕሮጀክት ሥራ አስኪያጆችን የሚመራ ሰው ሥራው ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ማሠልጠንና መከታተል ነው። ሥልጠናው በጀት ይያዝለታል፤ አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ለአምስት ቀን ተሰጥቶ የምስክር ወረቀት ይታደላል። ክትትሉም በየሳምንቱ፣ በየወሩና በየሩብ ዓመቱ በሪፖርት ይካሄዳል። ሁለቱም አይጠሉም። እኔ ግን ሥራ አስኪያጅን ከሁሉ በላይ የሚቀርጸው፣ ችግር ይዞ አለቃው ቢሮ በገባ ቀን የሚገጥመው ነገር ነው ባይ ነኝ። ያን ቀን ተቆጥቶ የመለሰው አለቃ፣ በሚቀጥለው ሥልጠና የቱንም ያህል ጥሩ አሠልጣኝ ቢያመጣለት ሰውየውን አይመልሰውም። ሰውየው ተምሮ ጨርሷል፤ የተማረው ደግሞ ችግርን እስኪፈነዳ ድረስ ይዞ መቆየትን ነው።

ይህ ለምን በመንግሥት ሥራ ላይ እንደሚብስ ለማየት ሪፖርቱን ራሱን ቀረብ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። በእኛ አገር የፕሮጀክት ሪፖርት እምብርቱ መቶኛ ነው፤ ፊዚካል ይህን ያህል፣ ፋይናንሺያል ይህን ያህል። አንድ የሆስፒታል ግንባታ እንውሰድ። ፊዚካል አፈጻጸሙ የሚሰላው ለቁፋሮ፣ ለመሠረት፣ ለኮንክሪት፣ ለግንብ፣ ለኤሌክትሪክና ለቧንቧ፣ ለሊፍት፣ ለማጠናቀቂያ ሥራ ለየራሳቸው ክብደት ተሰጥቶ ሲሆን፣ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ከውሉ የዋጋ ዝርዝር ነው። ብዙውን ገንዘብ የሚበላው ኮንክሪትና ብረት ስለሆነ ቁጥሩ በመጀመሪያ ይሮጣል። ሕንፃው ቆሞ፣ ጣሪያ ለብሶ፣ 90 በመቶ ሲገባ ይተኛል። የቀረው 10 በመቶ የውጭ ምንዛሪ የሚጠብቅ ሊፍት፣ ያልቀረበ ትራንስፎርመር፣ ከሕክምና መሣሪያዎቹ ጋር ያልተናበበ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነውና፤ በገንዘብ ትንሽ ነው፣ ጊዜ ግን ይበላል። የፋይናንሺያሉም ቁጥር የራሱ ጣጣ አለው። ቅድመ ክፍያው በወጣ ማግስት፣ አንድ ሜትር ሳይቆፈር ከፍ ብሎ ይታያል። በሰኔ ወር በጀቱ ወደ ግምጃ ቤት እንዳይመለስ የሚደረገውን ሩጫ ደግሞ መንግሥት ቤት የሠራ ሁሉ ስለሚያውቀው አላብራራውም። እንግዲህ ቁጥሩን ያቀረበው ሰው አልዋሸም፤ ስሌቱም ልክ ነው። ግን ሪፖርቱን ያነበበው ኃላፊ ሆስፒታሉ መቼ በሽተኛ እንደሚቀበል አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ልብ ለማለት ብዙ ወር አይፈጅበትም። ቁጥሩ ሲጨምር ይመሰገናል፤ ሳይጨምር ሲቀር ማብራሪያ ይጠየቃል። ስለዚህ ጉልበቱን ቁጥር ወደሚያሳድገው ሥራ ያዞራል፤ ግዥው ዛሬ ካልተጀመረ ከሁለት ዓመት በኋላ ራስ የሚያዞረው ሊፍት ግን ጠያቂ አያገኝም።

በአገር ደረጃ ይህን ያየነው በታላቁ የኅዳሴ ግድብ ላይ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ሲጣል ይፈጃል የተባለው አምስት ዓመት ገደማ ነበር። 2010 ዓ.ም. ሲጋመስ ለሕዝብ ይነገር የነበረው ሥራው ከ60 በመቶ በላይ መድረሱ ነው። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንድም ተርባይን ሥራ አለመጀመሩን በይፋ ተናገሩ፤ የኤሌክትሮ ሜካኒካልና የብረታ ብረት ሥራውም ከብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) እጅ ወጥቶ ለሌሎች ተቋራጮች ተሰጠ። የኮንክሪት ሙሌቱ በሌላ ተቋራጭ እጅ ነበረና በስፋት ሄዶ ነበር። አንዱ የሮጠበትና ሌላው የቆመበት ሥራ በአንድ መቶኛ ሲደመር፣ የቆመው በሮጠው ውስጥ ይሰወራል። ኃይል ማመንጨት የተጀመረው የካቲት 13 ቀን 2014 ሲሆን፣ ግድቡ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉንም በሪፖርት አቀራረብ ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። እኔ የምለው፣ ያን የሚያህል የአገር ዓይን ያረፈበት ሥራ እንኳ ችግሩ በቁጥር ውስጥ ሊሸሸግ ከቻለ፣ በአንድ ወረዳ የሚሠራ የውኃ ፕሮጀክት ምን ያህል እንደሚሸሽግ መገመት አይከብድም ነው።

ታዲያ የቡድን መሪው ምን ያድርግ? መጀመሪያ የሚጠይቀውን ጥያቄ ይለውጥ። ስንት ደረሰ ማለቱን ትቶ መቼ ይረከባል ይበል፤ ባለፈው ወር የተባለውንም ቀን አጠገቡ ያስጽፍ። ለእያንዳንዱ ፕሮጀክት አንድ ገጽ ይበቃል። በመስከረም የተገመተው የርክክብ ቀን፣ በጥቅምት የተገመተው፣ በኅዳር የተገመተው፣ አንዱ ከሌላው በታች ይወርዳል። ይህ ገጽ ከሰኔ በኋላ ሲታይ ብዙ ያናግራል። የአንዱ ሥራ አስኪያጅ ቀን በኅዳር በሁለት ሳምንት ተገፍቷል፣ በጥር ደግሞ በሌላ ሦስት ሳምንት፤ በየጊዜው ምክንያቱ ተጽፏል። የሌላው ከመስከረም እስከ መጋቢት ግንቦት 30 ብሎ ጸንቶ፣ በሚያዝያ በአንድ ጊዜ ስድስት ወር ዘልሏል። ላዩን ለሚያይ የመጀመሪያው ሁልጊዜ የሚያራዝም፣ ሁለተኛው ቃሉን የሚጠብቅ ይመስላል። ሥራውን የሚያውቅ አለቃ ግን በመጀመሪያው ሰው ይተማመናል፤ ሁለተኛውን ደግሞ ቁጭ አድርጎ ያነጋግረዋል። በሚያዝያ የታወቀ የስድስት ወር መዘግየት በሚያዝያ አልተወለደም። ቀደም ባሉት ወራት ወይም ሰውየው አላየውም፣ ወይም አይቶ ፈርቷል። አለማየት በማሠልጠን ይታረማል። ፍርሃቱን ግን የሚያጠፋው አለቃው ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያመጣውም እሱ ነውና።

ለዚህ አስተሳሰብ ድጋፍ የሚሆን ጥናት ከሕክምናው ዓለም አለ። የሃርቫርዷ ተመራማሪ ኤሚ ኤድመንድሰን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሆስፒታል ውስጥ በመድኃኒት አሰጣጥ የሚፈጸሙ ስህተቶችን ስታጠና፣ በደንብ የሚመሩት ቡድኖች ያነሰ ስህተት ይታይባቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር። የተገኘው የተገላቢጦሽ ሆነ፤ ጥሩ የተባሉት ቡድኖች ብዙ ስህተት ተመዝግቦባቸው ተገኘ። ነገሩ ሲመረመር፣ በእነዚያ ቡድኖች ሠራተኛው ስህተቱን ሳይፈራ ስለሚናገር መዝገብ ላይ ወጣ እንጂ የባሰ ስለሠሩ አልነበረም። በፕሮጀክት ሥራም ችግር የማይሰማበት ቡድን የሚያስመሰግን አይደለም፤ የሚያሰጋ ነው። ስምንት ሥራ አስኪያጆች ያሉት ክፍል ለሦስት ወር አንድም ሥጋት ካላስመዘገበ፣ ፕሮጀክቶቹ ሁሉ ሰላም ስለሆኑ ነው የሚል ካለ መንግሥት ቤት የመጣው ትናንት መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው። ሁሉም ችግሩን እየተናገረ የሚታለፍ ከሆነ ሰነፉ ሽፋን አገኘ፤ ተጠያቂነት የት ገባ? ይባላል። ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ልል አመራርም አለ። ግን ተጠያቂነቱ አይቀርም፤ የሚለወጠው ሰው የሚጠየቅበት ነገር ነው። ተቋራጩ ሲሚንቶ አጥቶ ሥራ ማቆሙ የሥራ አስኪያጁ ጥፋት ላይሆን ይችላል። መቆሙን በሁለተኛው ሳምንት ሳይሆን በሁለተኛው ወር መናገሩ ግን የእሱ ነው። ችግሩን ሲያመጣም ምን እንደሞከረና ከማን ምን እንደሚፈልግ ይዞ መምጣት አለበት። በየስድስት ወሩ የሚሞላው የውጤት ተኮር ምዘና ቅጽ ላይ ይህን ማስገባት አይከለከልም፤ ችግርን በወቅቱ ማሳወቅ የሚል መስፈርት ክብደት ተሰጥቶት ቢቀመጥ ማንም አይቃወምም። አሁን በብዙ ቦታ ክብደቱን የሚወስደው ከዕቅድ አንጻር የተፈጸመው መቶኛ ስለሆነ፣ እውነቱን የተናገረ ሰው ነጥቡን በገዛ አፉ ይቀንሳል። እንዲህ እየመዘኑ ግልጽነት የለም ብሎ ማማረር አያምርም።

ችግር መስማት ብቻውንም አይበቃም። የመንግሥት ፕሮጀክት ከሚታሰርባቸው ቋጠሮዎች ብዙዎቹ ከሥራ አስኪያጁ አቅም በላይ ናቸው፤ ወሰን ማስከበርን ማየት ይበቃል። መንገዱ ከሚያልፍበት መስመር ላይ የሠላሳ ሰባት አባወራ ካሳ ተከፍሎ የሦስቱ ቀርቷል እንበል፤ ወይም አንድ የመብራት ምሰሶ አልተነሳም። ምሰሶው የሌላ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሦስቱ አባወራዎች የክፍለ ከተማው ጉዳይ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ይጽፋል፤ መልስ የለም። ዳግመኛ ይጽፋል። በዚህ መሐል ተቋራጩ ሳይቱን ነጻ አላደረጋችሁልኝም ብሎ የጊዜ ማራዘሚያና የካሳ ጥያቄ ያስገባል። ከሥራ አስኪያጁ ሦስተኛ ደብዳቤ ይልቅ የኃላፊው አንድ ስልክ የሚሠራበት ቦታ ይህ ነው። አለቃው ነገሩን ሰምቶ ተከታተለው ብሎ ከመለሰው፣ ሥራ አስኪያጁ መናገር ትርፉ ድካም መሆኑን ይይዛል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ተጽፎ መልስ ያጣ ጉዳይ የአለቃው ጉዳይ ይሁን፤ የሥራ አስኪያጁ ሆኖ አይቆይ። የቡድን መሪ ቀኑን የት እንደሚያውል ለሚያስብ፣ ከሳይት ጉብኝት ይልቅ የሌሎች መሥሪያ ቤቶች ኃላፊዎች በር ላይ ቢያሳልፈው ይሻላል።

ሌላው ቋጠሮ ፊርማ ነው። የለውጥ ሥራ ትእዛዝ ወይም የዋጋ ማስተካከያ ጠረጴዛው ላይ ሲመጣ፣ ብቃት ያለው ሰው እንኳ እጁ ይከብደዋል። ነገ ኦዲተር ይመጣል፤ ከነገ ወዲያ መርማሪ ሊመጣ ይችላል። ያልፈረመ ሰው ሲጠየቅ ግን እምብዛም አይታይም፤ በመዘግየት የባከነው ገንዘብ ሰነድ የለውማ። ይህን ፍርሃት በአይዞህ ብቻ ማራቅ አይቻልም፤ ደግሞም አለቃው ከሕጉ በላይ አይደለም፤ መሆንም የለበትም። ማድረግ የሚቻለው ውሳኔው ሲወሰን የነበረውን ሁኔታ አብሮ ማስመዝገብ ነው፤ ምን መረጃ ነበረ፣ አማካሪ መሐንዲሱ ምን አለ፣ የትኛው የውሉ አንቀጽ ይፈቅዳል፣ ባይወሰን በቀን ምን ይባክናል። በከባዱ ጉዳይ ላይ የአለቃው ፊርማ ከሥራ አስኪያጁ በታች ይግባ። ኦዲተሩ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲመጣ ይህን አንድ ገጽ ያገኛል። ወጣቱ ሥራ አስኪያጅም ይህን ገጽ አሥር ጊዜ ሲያዘጋጅ ውል ማስተዳደርን ይማራል፤ የአምስት ቀኑ ሥልጠና ያልሰጠውን።

ስለ መማር ካነሳን፣ ሰውን የሚያሳድገው የሚሰጠው የሥራ ዓይነት ነው። መጀመር ሁሉም ይወዳል፤ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል ካሜራ አለ። መጨረስን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ጊዜያዊ ርክክብን፣ የጉድለት ዝርዝርን፣ የመያዣ ገንዘብ መልቀቅን፣ ከተጠቃሚው መሥሪያ ቤት ጋር መፋጠጥን ሳያይ አዲስ ፕሮጀክት የሚመራ ሰው፣ ሲያቅድ መጨረሻውን አያውቀውም። ስለዚህ አዲሱን ሰው በማለቅ ላይ ባለ ሥራ ማስጀመር ይሻላል፤ ቅር ቢለውም። ዕቅድ ሲወጣ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ማኅደር ይከፈት። የፕሮጀክት ተመራማሪው ቤንት ፍሉቭቢየርግ ከ16,000 በላይ ፕሮጀክቶችን መርምሮ በበጀትም በጊዜም የተሳካላቸው 8.5 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል፤ የሚመክረውም የአዲሱን ፕሮጀክት ጊዜ ከመገመት በፊት መሰል ፕሮጀክቶች በእርግጥ የፈጁትን ማየት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ፕሮጀክቶችን አስተዳደር የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1210 ፕሮጀክት ሳይጠና በጀት እንዳይያዝለት የሚል መንፈስ አለው። ጥናቱን ከወረቀት የሚያወጣው ግን ባለፉት አሥር ተመሳሳይ ሥራዎች ላይ የተያዘውና የፈጀው ጊዜ ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው፤ ይህ ደግሞ ከአማካሪ ድርጅት የሚገዛ አይደለም፤ መዝገብ ቤት ተኝቷል።

ይህን ሁሉ ለፍተህ ያበቃኸው ሰው በሁለት ዓመቱ የግል ኩባንያ ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት ይወስደዋል የሚለው ተቃውሞ እውነት ነው። የደመወዝ ልዩነቱን አንድ የቡድን መሪ አያጠበውም። ሆኖም ሁሉም የሚሄደው ለደመወዝ ብቻ ነው ማለት ለአለቆች የምትመች ሰበብ ናት፤ ባልወሰነው ነገር ሲወቀስ የከረመም ይሄዳል። ለሚሄደውም አስቀድሞ መዘጋጀት ይቻላል። እያንዳንዱ ፕሮጀክት ላይ ፋይሉን የሚያውቅ፣ ስብሰባው ላይ የሚቀመጥ፣ ሳይቱን የረገጠ ሁለተኛ ሰው ይኑር። የርክክብ ቀኖቹ ገጽና የውሳኔዎቹ መዝገብ በሰውየው ላፕቶፕ ሳይሆን በክፍሉ ፋይል ይቀመጡ።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከላይ የሚመጣው ነው። የበላይ ኃላፊው ቁጥር ይፈልጋል፤ ጥሩ ቁጥር ይፈልጋል፤ አንተ ከታች እውነቱን ብትሰበስብ ወደ ላይ ምን ይዘህ ትወጣለህ? ይህን የሚያቃልል ዘዴ የለኝም። የታዘዘው ቅጽ መቶኛ ከጠየቀ መቶኛው ይሞላል። ከሥሩ ግን አንድ መስመር መጨመር የሚከለክል የለም፤ ባለፈው ሩብ ዓመት የተገመተው የርክክብ ቀንና አሁን የሚገመተው፣ ልዩነቱን ካመጣው ምክንያት ጋር። የቡድን መሪው ይህን መስመር በራሱ ስም ይጻፈው። ሥራ አስኪያጆቹ የተላከውን ሪፖርት ግልባጭ ያገኛሉ፤ ለእሱ የነገሩትን እሱ ለበላዩ ነግሮ እንደሆነ የሚያዩት እዚያ ላይ ነው።