ማብሪያው ለሁሉም ሲደርስ

በኢትዮጵያ ጤና ተቋማት፣ በደብረ ማርቆስም ሆነ በጮቄ ግርጌ፣ የወር ሪፖርት የሚገባበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለ ፕሮግራም አለ። ባለሙያው ሲከፍተው ወሩን መስከረም፣ ጥቅምት እያለ ያገኘዋል። ልማቱ የሚመራው ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ጳጉሜንን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ይበልጥ ደስ የሚለኝ የዘመን አቆጣጠሩ ኮዱ ውስጥ ተቸንክሮ አለመቅረቱ ነው። አስተዳዳሪው ከቅንብር ገጹ ይመርጠዋል፤ ምርጫው ዳታቤዝ ውስጥ ይቀመጣል። ያንኑ ኮድ አንዱ አገር በግሪጎሪያን፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ይሠራበታል። የሶፍትዌር ሰዎች ፊቸር ቶግል የሚሉት ማብሪያ ማጥፊያም የዚሁ ዘመድ ነው፦ አዲስ ኮድ ሳይጭኑ የፕሮግራሙን ጠባይ መለወጥ።

አንድ ሰርቨር ብቻ ካለ ይህ ቀላል ነው። ሥራው ለብዙ ሰርቨሮች ሲከፋፈል ግን የሶፍትዌር ባለሙያው ልክ ይታያል። እያንዳንዱ ሰርቨር በየጥያቄው ወደ ዳታቤዙ እንዳይመላለስ የቅንብሩን ቅጂ በሜሞሪው ይይዛል። አንዱ ላይ የተደረገው ለውጥ ሌሎቹ ዘንድ ካልደረሰ፣ ያው ሰው ገጹን ባደሰ ቁጥር አንዴ አዲሱን፣ አንዴ አሮጌውን ያያል። የአሜሪካው የአክሲዮን ነጋዴ ናይት ካፒታል እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2012 የገጠመው ከዚህም የከፋ ነበር። ከ8 ሰርቨሮቹ በአንዱ አዲሱ ኮድ አልተጫነም፤ ማብሪያውም ቀድሞ ለሌላ ሥራ ያገለገለ ነበር። ሲበራ ያ አንዱ ሰርቨር ለዓመታት የተተወ ኮድ ቀሰቀሰ። የ45 ደቂቃው ግብይት ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለ።

ዲኤችአይኤስ 2 በብዙ ሰርቨር ሲተከል ለተቀየሩ መዝገቦች ሬዲስ በተባለ መልእክት የሚያሰራጭ ፕሮግራም በኩል የሚያደርገውን ቀረብ ብዬ ሳየው እጅግ ያስደንቀኛል። መዝገቡን የለወጠው ሰርቨር ለሁሉም አጭር መልእክት ይለቃል። በመልእክቱ ያለው የላኪው ሰርቨር መለያ፣ የተደረገው ድርጊት፣ የመዝገቡ ዓይነትና መለያው ብቻ ነው። አዲሱ ዋጋ የለበትም! ተቀባዩ የያዘውን ቅጂ ይጥላል፤ ቀጥሎ ሲፈለግ እውነተኛውን ከዳታቤዙ ያነባል። ስለዚህ መልእክቱ ሁለቴ ቢደርስ ጉዳት የለውም፤ ሁለት መልእክቶች ቢቀዳደሙም አሮጌ ዋጋ በአዲሱ ላይ አይጻፍም። ላኪው ደግሞ የራሱ መልእክት ተመልሶ ሲመጣበት በመለያው አውቆ ያልፈዋል፤ ገና አሁን ያዘጋጀውን ቅጂ በከንቱ አይጥልም። ይህችን ትንሽ ፍተሻ ያስገባ ሰው ሥራውን እስከ ጠርዙ አስቦታል።

ማብሪያዎችንም በዚሁ መንገድ ማዳረስ ይቻላል። አንድ ነገር ግን መታከል አለበት። የሬዲስ ስርጭት መልእክት አያቆይም፤ በዚያች ቅጽበት ግንኙነቱ የተቋረጠ ሰርቨር ለውጡን ሳይሰማ ይቀራል። ስለዚህ ለማብሪያው ቅጂ አጭር ዕድሜ ይሰጠዋል፤ 30 ሰከንድ እንበል። ሰሚው ሰርቨር ወዲያው ይቀየራል፤ ያልሰማውም ቢዘገይ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ቅጂው ያረጅበትና ዳታቤዙን ራሱ ይጠይቃል።