«ባንዲራችን» እና «ሰንደቅ ዓላማችን»፤ ስለ አንድ የጠረፍ ጋዜጣ ስም

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ይፋት ቈላ የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለውን ዋሻ ያልፋል። ከሦስት ሺሕ ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ ላይ ብርዱና ጉሙ ከኋላው ይቀራሉ፤ ከደብረ ሲና በታችም የሸዋ ሮቢት ሙቀት ይቀበለዋል። ጠላት የቈፈረው ነውና አላልፍበትም ብሎ በቅሎውን ወይም መኪናውን የመለሰ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ይህን ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከዚህ በታች የምመረምረውም ነገር በጠላት እጅ እንደ ተፈለፈለ ዋሻ ያለ አንድ ቃል ነው።

የጋዜጣ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዓመተ ምሕረቱን፥ የአዘጋጁን ስምና የቅጁን ብዛት ይቈጥራሉ። የጋዜጣውን ስም ግን እንደ በር መድረክ ረግጠውት ያልፋሉ። በጦርነት ጊዜ የወጣ ጋዜጣ ሲሆን ግን ከሁሉ አስቀድሞ የሚነበበው፥ ማንበብ ለማይችለውም የሚነገረው ስሙ ነውና፥ ሂሱም ከዚያ ቢጀምር የተገባ ይመስለኛል።

ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ከቤተ መንግሥቱ ጋር የፊደሉንም ቤት አገኘ። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን የተቋቋመ፥ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ጀምሮም በስሙ የሚጠራውን ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲያወጣ የኖረ ነበር። ጋዜጣው ቆመ፤ ቤቱም በወራሪው እጅ ገባ። በዚያ ዘመን በአማርኛ ከወጡት ጋዜጦች አንዱ «የቄሳር መንግሥት መልእክተኛ»፥ ሌላው «የሮማ ብርሃን» ተባለ። የመጀመሪያው ስም ቢያንስ እውነቱን ተናግሯል፤ የማን ተላላኪ እንደ ሆነ አልደበቀም። ሁለተኛው ግን ብርሃን የሚለውን ቃል ወስዶ ለሮማ ሰጠ። ሰላም የሚለውን ሳይወስድ መተዉ ጥቂት ኀፍረት ቀርቶት እንደ ነበረ ያሳይ ይሆን?

እንግዲህ የማተሚያው ቤት በጠላት እጅ ሳለ የኢትዮጵያ ድምፅ የሚታተምበት ስፍራ ከድንበር ማዶ ሆነ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ካርቱም ከደረሱ በኋላ፥ በይሁዳ አንበሳ ማኅተም ያጌጡ ወረቀቶች ከአውሮፕላን በኢትዮጵያ ላይ ይበተኑ ጀመር። ከወረቀቶቹም ጋር «ባንዲራችን» የተባለው የአማርኛ ጋዜጣ ተወለደ። ይህን ሥራ ይመራ የነበረው ጆርጅ ስቲር፥ አስቀድሞ በወረራው ዋዜማ የለንደኑ «ታይምስ» ወሬ ጸሐፊ ሆኖ አዲስ አበባ የነበረ፥ በዚህ ጊዜ ግን በእንግሊዝ ጦር ውስጥ መኰንን የሆነ ሰው ነው። ስለዚህ የራሱ አገር፥ የራሱም ቤት ያልነበረው ጋዜጣ በሰው አገር፥ በሰው ጦር ጥላ ሥር የቆመ ነበር። ስሙን በዚህ ዐይን መመልከት ያስፈልጋል።

ባንዲራ የጣሊያን ቃል ነው። ጣሊያንን ለማስወጣት የተነሣ ጋዜጣ ራሱን በጣሊያን ቃል መጥራቱ ለቋንቋ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ሊዋጥለት አይችልም፤ እኔም መጀመሪያ ጊዜ ስሰማው ቅር ብሎኝ ነበር። ነገር ግን ጋዜጣው ለማን እንደ ተጻፈ ማሰብ ይገባል። ያን ጊዜ አንድ ወረቀት በአንድ ቄስ ወይም በአንድ ደብተራ እጅ ሲገባ አንዱ ያነብባል፥ ብዙዎች ከበው ይሰማሉ። በጆሮ የሚሰማ ጽሑፍ ደግሞ ጆሮ የለመደውን ቃል ይፈልጋል። ሰንደቅ ዓላማ የጽሕፈትና የአዋጅ ቃል ነው፤ ባንዲራ ግን በገበያና በመንገድ የሚነገር ሆኗል። የጠላትን ዋሻ አልፎ ወደ ቤቱ የሚወርደው የይፋት ሰው የሚያደርገውን ያህል፥ የጋዜጣው ጸሐፊዎችም የጠላትን ቃል አልፈውበት ወደ ሰሚያቸው ደርሰዋል። በዚህ ረገድ ምርጫቸውን አልነቅፍም።

የበለጠው ነገር ግን በቃሉ ሳይሆን በቅጥያው ላይ ነው። «ችን» የሚሉት ሁለት ፊደላት የማን ናቸው? ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በኦሜድላ ድንበሩን ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማውን ሲሰቅሉ፥ የእንግሊዝ መንግሥት ስለ ኢትዮጵያ ነጻነት ያለውን ሐሳብ በግልጥ ገና አልተናገረም ነበር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤደን፥ ነጻ ኢትዮጵያ እንደ ገና ብትቆም መንግሥታቸው ደስ እንደሚለው በምክር ቤት የተናገሩት ጥር 27 ቀን ነው፤ ውሉ የተፈረመውም ከአንድ ዓመት በኋላ፥ ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በእንግሊዝ ጦር ወረቀትና ቀለም የታተመው ጋዜጣ ግን «ችን» ሲል የእንግሊዝንና የኢትዮጵያን ባንዲራ በአንድነት ማለቱ አልነበረም፤ በጎንደርም በጎጃምም በሸዋም ያለው ሰሚ የገባው የራሱን አረንጓዴ፥ ብጫና ቀይ ነው። ዲፕሎማቶች ገና የሚከራከሩበትን ነገር ሁለት ፊደላት አስቀድመው ፈርመውበታል ብል ማጋነን አይመስለኝም። በራስ አበበ አረጋይ ዙሪያ በሸዋ ተራሮች ለአምስት ዓመት የተዋጋውም አርበኛ ማንም እስኪፈቅድለት ሳይጠብቅ ይህን «ችን» በተግባር ሲናገረው ኖሯል።

ከድል በኋላ በ1933 ዓ.ም. ጋዜጣው አዲስ አበባ ገብቶ «ሰንደቅ ዓላማችን» ተባለ። በዚያው ዓመት ግንቦት 30 ቀን «አዲስ ዘመን» ወጣ። የስሙ መለወጥ በንጽሕና በኩል ትርፍ አለው። ሰንደቅ ምሰሶውን፥ ዓላማም ምልክቱን የሚያመለክት ሲሆን፥ ዓላማ ደግሞ ሰው የሚያነጣጥርበት ግብ ነው፤ ስለዚህ አዲሱ ስም ጨርቁን ብቻ ሳይሆን የታሰበውንም ነገር ይናገራል፤ አሮጌው ይህ ጥልቀት አልነበረውም። በአፍ ላይ ግን ከብዷል፤ ሕዝቡም እስከ ዛሬ በየቤቱ ባንዲራ ማለቱን አልተወም።

እኔ ከስሙ ይልቅ በአዲሱ ጋዜጣ የማደንቀው በአማርኛና በዐረብኛ መታተሙን ነው። ከጣርማ በር ላይ ቆሞ ወደ ታች ለሚመለከት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከላይ በደጋው ልጁን ዳዊት የሚያስደግመው አለ፤ ከታች በይፋት ቈላ ደግሞ አማርኛ እየተናገረ፥ አርጎብኛም እየተናገረ፥ ፊደል የቈጠረው በቁርኣን ቤት በሰሌዳ ላይ የሆነ ብዙ ሰው አለ። ይህ ሰው «ችን» ሲባል ቢሰማ ከአማርኛው ገጽ አንዳች ላያነብብ ይችል ነበር፤ ወረቀቱን ገልብጦ በዐረብኛው በኩል ሲይዘው ግን ለጎረቤቱ እርሱ አንባቢ ሆነ።