የቅርጫ በሬና የአራጁ ዋጋ

በሸጎሌ የከብት ገበያ በፋሲካና በገና ዋዜማ በሬ ከሚያማርጡት መካከል የቅርጫ ማኅበርተኞች፣ ማለትም ገንዘብ አዋጥተው በጋራ አርደው ሥጋውን በእኩል የሚካፈሉ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ ይገኙበታል። በበሬው ዋጋ ላይ ረጅም ክርክር ሲደረግ የአራጁ ክፍያ ግን እንደ ትርፍ ወጪ መታየቱ አግባብ አይደለም፤ ምክንያቱም ቢላ የነካው ቆዳ ዋጋው ስለሚወድቅ ሳይበሳ መግፈፍ፣ ሻኛውን፣ ጎድኑን፣ ሽንጡንና ዳቢቱን እየለዩ ለእያንዳንዱ መደብ፣ ይኸውም ለአንድ ሰው ለሚደርሰው የሥጋ ክምር፣ ጉበትና ጨጓራው ሳይቀር ከሁሉም ማዳረስ የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። መደቦቹ በመጨረሻ በዕጣ ስለሚታደሉ፣ የትኛው ለማን እንደሚደርስ የማያውቀው አካፋይ ላዳላ ቢል እንኳ መንገድ የለውም፤ ሚዛን ሳይኖር ቅሬታ የሚያስቀር እንዲህ ያለ ብልሃት ማግኘት ቀላል አይደለም። የአራጁ ክፍያም ለአባላቱ ሲከፋፈል ለየብቻ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ከቅርጫ የጎደለው በቄራ የሚደረገው የእንስሳት ሐኪም ምርመራ ሲሆን፣ ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ስለሚያስተላልፍ የቅርጫ ሥጋ በሚገባ በስሎ ቢበላ ይመረጣል።